የኅዳር ሚካኤል ማግስት

እኛ ቤት አሮጌ ቀን መቁጠሪያ አይወርድም። አዲስ ዓመት ሲገባ አዲሱ በዚያው ሚስማር ላይ፣ በአሮጌው ላይ ይሰቀላል። የአባቴ ልማድ ነው። «ያለፈው ዓመት ምን አደረገሽ ብለሽ ትጥይዋለሽ?» ይለኛል። አንዱ ዓመት ግን ጉድ አድርጎናል፤ እሱ ብቻ ቢወርድልኝ በወደድኩ። በሩ ተከፍቶ ከእንጦጦ በኩል ንፋስ ሲገባ ወረቀቶቹ ብድግ ይላሉ፤ ያኔ ከሥር አንድ ሰው ጥርሱን ያሳየኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ተሸፍኖም መሳቁን አልተወም።

ሰውየው የሬዲዮ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለነገሩ ድምፁን የማያውቅ የለም። የማለዳ ፕሮግራሙን የሚከፍተው ቀኑን በመናገር ነበር። «እንደምን አደራችሁ» ይልና ቀኑንና ወሩን፣ በዓል ካለም በዓሉን ረጋ ብሎ ይናገራል። ያን ጊዜ አባቴ ጢሙን እየተላጨም ቢሆን ምላጩን እንደያዘ እጁን ያነሳል። «ዝም በሉ፣ ቀኑን ይንገረን!» ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሰዓት የማያከብር ሰው ለእሱ ሰው አይደለም። እናቴ ትስቅበት ነበር። «ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘው ሳይነጋልን ሊቀር ነው?» ትለዋለች።

ምርጫ ሲቃረብ ይኸው የሬዲዮ ሰው በእኛ ሰፈር በኩል፣ ጉለሌ ላይ፣ በግል እወዳደራለሁ ብሎ ተነሳ። ለቅስቀሳ ያሠራው ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ አንድ ሰፊ ወረቀት፣ ዙሪያውን አሥራ ሦስቱ ወሮች፣ መሃሉ ላይ የሚስቅ ፊቱ። የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ደግሞ በየሳጥኑ ጥግ በትንንሽ ቁጥር ተጽፏል። አባቴ የእድር ዳኛ ስለሆነ ጥቅሉ እሱ ዘንድ መጣ። አንድም ቤት ሳይዘል ራሱ እየዞረ አደለው። የማዕዘኑ ባለሱቅ፣ የስልጤው ሰውዬ፣ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ሰቀለው። አባቴ በየደጁ የሚናገራት አንዲት ንግግር ነበረችው። «ማንን ምረጡ አልልም። እኔ ግን ቀን ለሚያውቅ ሰው ነው የምሰጠው።»

ሰፈሩ አባቴን ያምናል፣ አባቴ ሬዲዮውን ያምናል። እንዲህ እየተቀባበልን ነው አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠልነው። ይኼን ዛሬ መናገር ቀላል ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን አስተምር ነበር፤ ለእረፍት መጥቼ ግድግዳው ላይ ሳየው እኔም «ጥሩ ወጥቷል» ብያለሁ።

በዚያው መኸር እናቴን ሆዷን አመማት። ስትመረመር እጢ ተገኘባት፣ ኦፕራሲዮን መደረግ አለባት ተባለ። ሆስፒታሉ አልጋ ይዞላት የቀጠሮ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ ከኮምፒውተር የወጣ ስለነበር ቀኑ የፈረንጆቹ ነበር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከግድግዳው ፊት ቆመ፤ ትንሿን ቁጥር በጣቱ ፈልጎ አገኛትና በቀይ እስክሪብቶ አከበባት። ኅዳር አሥራ ሦስት።

እናቴ ስልክ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት ሆነልኝ እኮ! አንግሼው እሄዳለሁ። እሱው ነው ያመቻቸልኝ።»

እንዳለችውም አደረገች። ኅዳር አሥራ ሁለት ነጠላዋን ለብሳ፣ ሆዷን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ታቦቱን እልል እያለች ሸኘች። በማግስቱ አባቴ የልብሷን ቦርሳ ይዞላት ሄዱ። ነርሷ ወረቀቱን አየችና፣ «እናቴ፣ ቀጠሮዎ ትናንት ነበር እኮ» አለቻት። አባቴ ሊሟገት ሞከረ፤ እሱ ለቀጠሮ ዘግይቶ አያውቅም። አልጋው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ስለነበር አዲሱ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ቤት ሲመለሱ አባቴ፣ «ኮምፒውተር ነው፤ ምን ያውቃል! እነሱ ናቸው የተሳሳቱት» አለ። እናቴም፣ «በቃ ተወው፣ ለበጎ ነው» አለችው።

ለገና ወደ ቤት መጣሁ። ታኅሣሥ ሃያ ሰባት፣ ከሰዓት በፊት፣ ጎረቤታችን አብሲት ልትጥል ድስት ልትዋስ መጣች። አባቴ ሳቀባት። «ምን አስቸኮለሽ? ልደት እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

«ኸረ ነገ ነው!»

እጇን ይዞ ግድግዳው ዘንድ ወሰዳት። ሃያ ዘጠኝ ላይ በቀይ ተጽፏል። «ይኸው! ከእሱ በላይ ታውቂያለሽ?» ሴትዮዋ የሰውየውን ፊት አየች፣ አባቴን አየች፣ ግራ ገባት። ደግነቱ የንስሐ አባታችን እናቴን ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር እሳቸው ዳኙ።

«ልደት ነገ ነው» አሉ። «ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ሆና አልነበረ? ከእሷ በኋላ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል፣ ልደትም በሃያ ስምንት ይውላል። በየአራት ዓመቱ ስለሚመጣ ሰው ይረሳዋል። ይኼን ያተሙት ልጆች የአምናውን ገልብጠው ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ያ ሬዲዮ፣ ቀን ጠፋበት!» አባቴም አብሮ ሳቀና ዶሮ ሊገዛ ወደ አዲሱ ገበያ ሮጠ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኔ ስህተቱን ላይ ብዬ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አልኩ። የታኅሣሥ ትንንሽ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርተዋል። ጣቴ ሳላዘው ወደ ላይ፣ ወደ ኅዳር ሄደ። የኅዳርም እንደዚያው። ቀይዋ ክብ አሥራ ሦስት ላይ ተቀምጣለች፤ መቀመጥ የነበረባት አሥራ ሁለት ላይ ነበር። እናቴ ታቦት ስትሸኝ በዋለችበት ቀን አንድ አልጋ አንሶላው ተነጥፎ ሲጠብቃት ውሏል።

ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ያቺን ቀን ያከበባት በገዛ እጁ ነው፤ ቢያውቅ እሱም ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ሁዳዴ ሳይጋመስ ሞተች። በኋላ ሐኪሙን፣ «በዚያን ጊዜ ተሠርታ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱን ማንም አያውቅም» አለኝ። አትተርፍም ነበር ቢለኝ እንዴት በተሻለኝ።

ሰውየው ድንኳናችን ድረስ መጣ። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀለት፤ አባቴ ከነሐዘኑ ብድግ ብሎ ተቀበለው። አጠገቡ ተቀመጠና በዚያ ማር በሆነ ድምፁ፣ «ቀኗ ደርሶ ነው አባባ፣ ምን ይደረጋል» አለው። እንደ ጠላሁት ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ወደ ጓዳ ገብቼ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ሰው ሁሉ ስለ እናቴ የማለቅስ መሰለው።

በምርጫው ተሸነፈ። አባቴ በጠዋት ተሰልፎ ጣቱን ቀለም አስነክቶ መጣ፤ ማንን እንደመረጠ አልጠየቅኩትም። ሰውየው ወደ ሬዲዮው ተመለሰ፤ እኔም በዝውውር ወደ አባቴ ቤት ገባሁ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ያ ድምፅ ቤታችን ይገባል። ወሩ ኅዳር ሲሆን በተለይ ከአልጋዬ መነሳት ያቅተኛል። «ዛሬ ኅዳር…» ሲል የቀረውን እንዳልሰማ ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጫናለሁ፤ ግን እሰማዋለሁ። ዝጋው እንዳልለው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል። ሚስማሩም ላይ ያው ነው፤ በላዩ ስንት ዓመት ደራርበንበት ፊቱ ከሥር አለ። አንዳንዴ ሳሎን ብቻዬን ሆኜ ደብተር ሳርም ወረቀቶቹ ኮሽ ይላሉ፤ ዞር አልልም።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ለውጧል። ቀኑ ሲነገር እጁን አያነሳም። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር አሥራ ሁለት በማለዳ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ይመለሳል። ሚካኤል ሊያነግሥ ነው ብዬ አስብ ነበር። ነጠላ ለብሶ እንደማይሄድ፣ የአውቶቡሱን ዘመን ኮት ለብሶ ጫማውን አስጠርጎ እንደሚሄድ ዓይኔ አይቷል፤ ልቤ ግን አላየውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ነው።

ዘንድሮም ምርጫ እየመጣ ነው። ዘንድሮም ሰውየው ይወዳደራል። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ ራሱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ብብቱ ሥር ጥቅል ወረቀት ይዟል። የእድሩን ዳኛ ፈልጎ እንደመጣ ነገረኝ። አባቴ የለም ብዬ በሩን መዝጋት ነበር የፈለግኩት፤ እንግዳ ደጅ አይመለስምና አስገባሁት። አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ያው ሳቅ፣ ያው ጥርስ።

አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ገባ። ሰውየው ተነሥቶ ጎንበስ አለ።

«አባባ! ከየት ነው እንዲህ አምረው?»

«ቀጠሮ ነበረኝ።»

«ሆስፒታል? ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«የባለቤቴ ቀጠሮ ነው» አለ አባቴ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አረጀ፣ ተምታታበት ማለቱ ነው። እኔ ግን ያን ኮት አየሁት። አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አየው።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለው።

ሰውየው ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ አባቴ እንዳልሳቀ ሲያይ «እ… ዛሬ…» አለና እጁን ወደ ኪሱ፣ ወደ ስልኩ ሰደደ። ለካ በየማለዳው የሚያነበውን ሰው ጽፎ ይሰጠው ኖሯል።

«ተወው» አለ አባቴ። እርስዎ እንጂ አንተ ብሎት አያውቅም ነበር። «ኅዳር ሚካኤል ነው።»

ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ዓመታቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ ገለበጣቸው። ከሥር ያ ፊት ወጣ፤ ወጣት ነበር ያኔ። አባቴ ቀይዋን ክብ በጣቱ ነካት። «ይቺ የባለቤቴ ቀጠሮ ነበረች። አልጋዋ የተያዘው ከዚህ በፊት ባለው ቀን ነው። ያንተ ሰዎች የአምናውን ገልብጠው ኖሯል፤ በማግስቱ ሄድን።»

«አባባ… እኔ… ማለቴ፣ ማተሚያ ቤቱ ነው እንጂ…»

«አውቃለሁ። አንተ አልጻፍከውም። እኔም ቀኑን አላጣራሁም። ፊትህን አይቼ ነው ያመንኩት።»

ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት ስንሰማው የኖርነው ድምፁ ጠፋበት። ለእሱም ማዘን ቃጣኝ፤ መቃጣቱ ራሱ አናደደኝ። አባቴ አዲሱን ወረቀት በጥንቃቄ ጠቅልሎ መለሰለት። «ለእድሩ አላድልም። ሰው ከፈለገ ካንተ ይቀበል፤ ከእኔ እጅ ግን አይሆንም» አለው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ብቻችንን ቀረን። «መቼ አወቅክ?» አልኩት።

«ያን ዕለት፣ የንስሐ አባታችን ሲናገሩ። ስቄ ወጣሁ እንጂ መንገዱን ሙሉ ኅዳርን በጣቴ ስቆጥር ሄድኩ። ስመለስ አንቺን በመስኮት አየሁሽ። ጣትሽ ኅዳር ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። በየዓመቱ የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት።

«ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ» አለ። «ነርሷ እየወጣች የሰው ስም ትጠራለች። ያን ቀን የእሷ ስም ሲጠራ ‹አቤት› የሚል ሰው አልነበረም። ምናልባት ዳግመኛ ቢጠሩት፣ ሰው ይኑር ብዬ ነው።»