ባዶው ጋቢና

ከጎንደር ማክሰኝት የሚመላለሰውን የሚኒባስ ሾፌር አንድ ቀን የምታስከፍለው በየምልልሱ አንድ ባዶ ወንበርና የሰው ሐሜት ነው። ጋቢናው ለሽማግሌና ለአራስ በሚለቀቅበት አገር እሱ ትርፍ ጎማ ጭኖበት በገመድ ጠፍሮታል።

«ምነው፣ ጎማህን ነው እንዴ ያገባኸው?» አሉት ጠዳ ላይ የተሳፈሩ አዛውንት።

«አዎ አያ፤ እሷ ብትመታም አትሞትም» አለ ሳይስቅ።

የጋቢናው ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው እንዲያድን የተሠራው ከረጢት፣ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል ብሎ፣ የሠራው ፋብሪካ መኪናውን ለነጻ ጥገና ጠርቶታል። አዲስ አበባ ያለው ወኪል ግን በስልክ «እኛ ያስገባነው አይደለም፤ ከዱባይ የመጣውን ዱባይ ይጠግኑልህ» ብሎ ዘጋበት። ጎንደር ያሉት መካኒኮችም አንነካውም አሉት።

ኮቱ ክርኑ ላይ ነትቧል፤ ኮሌታው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀኝ እጁ ወደ ጎማው ይዘረጋል፣ ልጅ እንዳይወድቅበት የሚደግፍ ይመስል። እዚያ ወንበር ላይ ድሮ ማን ይቀመጥ እንደነበር የጠየቀው የለም።

አዘዞ ላይ ዝናብ ሲጥል ሕፃን ያዘለች እናት መስታወቱን ታንኳኳለች። እሱም ለእሷ የሚለውን ለእናንተም ይላል፦ «እባካችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ጋቢናውን ክፈትልን አትበሉኝ። አንድ ቀን አንጀቴ አልችል ብሎ እከፍትላችሁ ይሆናል።»