የኤዶ ፋጡማ በርሜሎች

«የእሳትን ውሃ የነካ ሰው፣ ወላሂ እጁን ነው የምቆርጠው!»

ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ዳር የተከራየሁት ግቢ ስገባ ከአከራዬ አፍ መጀመሪያ የሰማሁት ይሄን ነው። ለእኔ አልነበረም የተባለው... ግን ሳምንቱን ሙሉ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

ትናንት ዝናቡ ጣሪያዬን ሲቀጠቅጠው ነው ትዝ ያለኝ። ጊዜው የጦርነት ነበር። የእሳት አደጋ መኪና ብሎ ነገር የለም። አከራዬ ኤዶ ፋጡማ (ሁላችንም «አክስቴ» ለማለት ኤዶ ነበር የምንላት) ከቆርቆሮው በአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ በሁለት በርሜል አጠራቅማ፣ ቤቴን እሳት ቢነካውስ ብላ ቆልፋበታለች። አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም። የምንጠጣውን ከአህያ ጋሪ እንገዛለን። ሸሚዜማ መታጠብን ረስቶት ነበር።

አንድ ቀን፣ «ኤዶ፣ ለሸሚዝ እንኳ አንድ ጣሳ...» ብዬ ሞከርኩ።

ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «አቦ አትነዝንዘኝ! ቆሻሻ ሰው ገድሎ አያውቅም!»

ኤዶና ጎረቤታችን ሳህራ አይነጋገሩም። የሳህራ ፍየል አንድ ጊዜ ክዳኑን ክፍት አግኝታ ከበርሜሉ ጠጥታለች፤ በቃ። ሳህራ ከነልጆቿ የምትኖረው ከእንጨትና ከአሮጌ ጨርቅ በተሠራች ጎጆ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገባችን አረፈና ፍንጣሪው የሳህራን ጎጆ ለኮሰው። ሳህራ ልጆቿን አውጥታ አጥራችን ጋ ቆመች። በርሜሎቹን ብቻ ታያለች። ቀጣዩ ዝናብ ደግሞ ገና ወራት ይቀሩታል።

ኤዶ ፋጡማ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች።

«አንተ! ምን ይገትርሃል? ባልዲ አንሳ!»

«ኤዶ፣ የእሳት ውሃ እኮ ነው...»

«እና ይሄ ምንድን ነው? ሽሮ ነው?»

ሁለቱም በርሜሎች ተሟጠጡ። የጎጆዋ ግማሽ ተረፈ። ሳህራ እያለቀሰች የኤዶ ፋጡማን እጅ ልትስም ስትጠጋ ኤዶ እጇን ነጠቀቻት።

«ለአንቺ መሰለሽ? ነፋሱ እሳቱን ወደ ቤቴ ሲያመጣው ቆሜ ልይ? ይልቅ ፍየልሽን እሰሪ!»

ሳህራ ፍየሏን አሰረች። ኩርፊያው እንደነበረ ቀጠለ። ባዶዎቹ በርሜሎች አጠገብ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ እየሰጋን ከረምን... ያን የበርሜሎቹን የዝገት ሽታ ዛሬም እወደዋለሁ።

ነፋሱ ግን ያን ቀን የሚነፍሰው ከኤዶ ቤት በተቃራኒው፣ ወደ ደረቁ ወንዝ ነበር።