የፊት እግር ጎሚኒ

ቦንጋ ውስጥ መኪናውን ለእህቴ ባል የማይሰጥ ጥቂት ነው። ባሌ ሲሞት የተወልኝን አሮጌ ዲኤክስ እኔም እሱ ጋ መውሰድ ነበረብኝ፤ ዘመድ እያለ ሌላ ጋራዥ ብገባ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይደርሳል።

ይህ የእህቴ ባል መጀመሪያ ሽማግሌ የላከው ለእኔ ነበር። አባቴ «እጁን ግሪስ የማይለቀው ሰው አስተማሪ ልጄን አያገባም» ብሎ መለሳቸው። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ጋራዡ ሲታወቅለት እነዚያው ሽማግሌዎች በዚያው በር ለታናሼ መጡ፤ አባቴ ተነስቶ ተቀበላቸው። የዚያን ቀን ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። አልረሳሁትም።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ ኮብልስቶን ላይ በወጣች ቁጥር ከፊት መንኳኳት ጀመረች። የፊት እግሯን ከአካሏ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ፣ ጎሚኒ የሚሉት፣ አልቋል አለኝ። አሮጌውን በመዶሻ አውጥቶ አዲሱን ሲያስገባ የቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ብሎኖቹን ግን ወዲያው አላጠበቃቸውም። መኪናዋ በክሪክ እንደተንጠለጠለች ከጠበቁ፣ መሬት ስትረግጥ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ ጎማዎቹን ገጥሞ ከሥር ገብቶ በሚሠራበት ጉድጓድ ላይ አቆማትና፣ ሰው እንደተቀመጠባት እንዲያጠብቅ ሚስቱን ከጓዳ ጠራት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው።

እህቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ መኪናዋ ውስጥ እኔ የምነዳበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ከበድ በይ እንጂ» አላት ከሥር።

«ከዚህ በላይ ከከበድኩማ የምትጨፈለቀው አንተ ነህ።»

ሳቀ። ከዚያ ስለ ምሳው፣ ስለ ጎረቤት ላም፣ ስለማይረባው ነገር ሁሉ በቋንቋችን በካፊኖኖ ቀጠሉ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ግን እንዲህ የተጫወትንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሄጄ በሩን ከፈትኩ።

«ውረጂ። መኪናዋ የእኔ ናት፤ እኔ እቀመጣለሁ።»

«እትዬ፣ ወንበሩ ግሪስ ነክቶታል፤ ነጠላሽ ይበላሻል።»

«ውረጂ አልኩሽ።»

ወረደች፤ ተቀመጥኩ። ከሥር የሚሰማኝ የመፍቻው ድምፅ ብቻ ነው። እንዲያናግረኝ ጠበቅሁ። በመጨረሻ እኔው «ይቆያል?» አልኩት።

«ይቆያል፣ እትዬ።»

እህቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ መብራት ያዘችለት። ቀስ ብላ የሆነ ነገር ስትለው እንደገና ሳቀ።

ወራት አልፈው የኋለኞቹ ጎሚኒዎች ተራ ሲደርስ መኪናዋን ከቦንጋ አውጥቼ ሺሺንዳ ወሰድኳት። የዚያ መካኒክ እንደተንጠለጠለች ብሎኑን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስህተቱን አውቀዋለሁ፤ ዝም አልኩ።

አሁን ከኋላ ትንኳኳለች። በበራቸው ሳልፍ እህቴ ትሰማና «እሱ ጋ አምጫት እንጂ» ትለኛለች።

«ምንም አልሆነችም» እላትና አልፋለሁ።