ደመና ልደፍን የሄድኩ ለታ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ባየው «ከባድ ዝናብ» ይላል። ቦት ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ካፖርቴን ደረብኩ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። የአዳማ ፀሐይ አናት ይበሳል። ላቤን እያንጠባጠብኩ ስሄድ አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ቀስ አለና «አባባ፣ ጎርፉ የት ደረሰ?» አለኝ። ቤት ስመለስ የልጅ ልጄ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ባለፈው ወር ሻሸመኔ ልጄን ልጠይቅ ሄጄ እንደከፈትኩት ቀርቶ፣ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ የሻሸመኔን አየር ኖሯል። እኔ ሽማግሌው ለሰው ከተማ ዝናብ ለብሼ ነው የዋልኩት።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ቅሌት አልነበረም። ትንበያችን ከከተማው ዳር ያለው ኮረብታ ነበር። እዚያ ከድንጋዩ ስንጥቅ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎችም ሊታጠኑ ይሄዱበታል። በደረቅ ቀን እንፋሎቱ እንደ ክር ይቀጥናል፤ አየሩ ሲረጥብ ግን ወፍሮ ኮረብታውን ይውጠዋል። ያን ጊዜ ጎረቤታችን አባ ገመቹ በራቸው ላይ ቆመው «ዛሬ ተንፍሷል፣ አስገቡ!» ብለው ይጮኻሉ። ሴቶቹ ልብሱን ከገመድ፣ በርበሬውን ከሰሌን ለማንሳት ይሯሯጣሉ። ከሰዓት በኋላ እውነትም ይዘንባል። አባ ገመቹ ታዲያ እኛን ልጆቹን ሲያገኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚያ ውስጥ የሰው ስም እንዳትጠሩ» ይሉን ነበር። ለምን ስንላቸው «የሚሰማ አለ» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

ሒሳብ ላይ ዜሮ የሚደጋግመኝ እኔ፣ ይህን ግን ያለ አስተማሪ ደረስኩበት፤ ደመና የሚሠራው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው!

በሚያዝያ እህቴ አስካለ ተዳረች። አማቾቻችን ከአርሲ ነገሌ ይመጣሉ፤ የግቢያችን ዳስ ደግሞ በቅጠል ብቻ ነበር የተሸፈነው። የሠርጉ ለት ማለዳ እናቴ ቀና ብላ «ዛሬ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?» ትላለች፤ ሰማዩን ነው። ኮረብታው ጨርሶ አይታይም። ዕንባዋ ሲመጣ አየሁና ወደ ከድር ሮጥኩ። ከድር የወሎዬው ባለሱቅ ልጅ፣ በትምህርት ቤት የወንበር ጓደኛዬ ነበር።

«የኮረብታውን ስንጥቅ በጭቃ ከደፈንነው ደመናው ይቀራል» አልኩት።

«አንተስ የለየልህ እብድ ነህ» አለኝ። ግን የሸንኮራ አገዳውን እየጋጠ ተከተለኝ። ኮረብታው ሥር ስንደርስ «አንተ ቅደም» አለ። ያቦካሁትን ጭቃ ታቅፌ ገባሁ።

የድኝና የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እግሬ ሥር መሬቱ ይሞቃል፤ ክዳን እንደገጠመ ድስት ከውስጥ ይንተከተካል። ያቀፍኩት ጭቃ እንኳ አይታየኝም። ሸሚዜ ከኋላ ያዝ ሲደረግ ከድር ነው ብዬ ልቤ ረጋ። «አትጎትተኝ እንጂ» አልኩና ወደፊት ሄድኩ። እጁ ግን አልለቀቀኝም።

ድንገት ከሩቅ፣ ከታች፣ የከድር ድምፅ መጣ። «አንተ! ስምህን አልጠራም እንግዲህ! ና እንውረድ!»

ባለሁበት ደረቅሁ። ሸሚዜ አሁንም እንደተያዘ ነው። ዞሬ ማየት አቃተኝ። ከዚያ እናት ልጇን ከመኪና መንገድ እንደምትመልስ፣ ቀስ ብሎ አንዴ ሳበኝ። በቂጤ ዘጭ አልኩ። ጭቃው ከክንዴ አምልጦ ወደፊት ሄደ። ሲወድቅ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁም።

ነፋስ እንፋሎቱን ገለጥ ሲያደርገው፣ ከእግሬ ጣቶች ፊት ጥቁር ስንጥቅ አፉን ከፍቷል። ከኋላዬ ማንም የለም።

ቁልቁል በረርኩ። ከድር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገዳውን ይግጣል። «ከኋላዬ አልነበርክም?» አልኩት። «እኔ ከዚህ መች ተነሣሁ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሊያራግፍልኝ ጀርባዬን ነካ፤ ሳቁም ቆመ። በዚያ ሙቀት መላ ሰውነቴ በላብ ርሶ ሳለ፣ የተጨበጠችው የሸሚዜ ቦታ ብቻ ተጨማድዳ እንደ በረዶ ቀዝቅዛ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ዳሱ እንደ ወንፊት አፈሰሰ። አማቾቻችን «በረከት ነው!» እያሉ ጭቃው ላይ ጨፈሩ፤ እናቴም አብራ ሳቀች። በነፍሴ ቆርጬ ላስቀረው የሞከርኩትን ዝናብ ሰው ሁሉ እልል ብሎ ተቀበለው። እኔ ግን የዳሱን ምሰሶ ተደግፌ ቀረሁ፤ የዚያን ቀን ጀርባዬን ለማንም አልሰጠሁም።

ዛሬ ቤቶች እስከ ኮረብታው ሥር ደርሰዋል፤ ቀና ብሎ የሚያየውም የለም። የልጅ ልጄ ደመና እንዴት እንደሚሠራ አስረድታኛለች፦ ሞቃት እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ አቧራ ላይ ተጣብቆ ጠብታ ይሆናል። ኮረብታው በአየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት አሳየን እንጂ ደመና አልሠራም። ገብቶኛል። ስለ እጁም ስነግራት «ሊታጠን የመጣ ሰው ይሆናላ፣ አባባ» አለችኝ። ይሆናል። ሲታጠን የቆየ ሰው እጅ ግን አይቀዘቅዝም።

ማንም ይሁን፣ ሳላመሰግነው ነው የሮጥኩት። ካረጀሁ በኋላ አንድ ማለዳ ከዘራዬን ተደግፌ ወጣሁና እንፋሎቱ ዳር ቆምኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ከውስጥ «አብሮ ይስጠን» ቢለኝስ? አፌን ዘግቼ ወረድኩ። ምስጋናው እስከ ዛሬ አለብኝ።