ያልተቀበልኩት ማር

የማሰሮው ክዳን ሲነሳ ጭስ ጭስ፣ ሰም ሰም፣ ዝናብ የነካው ጫካ ሸተተኝ። ክዳኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ዕድሜ ልክሽን ቦንጋ ማዘጋጃ ቤት ምን አስቀመጠሽ?» እያልክ ስትጠይቀኝ ከርመህ የለ? ተቀመጥ ልጄ፣ ልንገርህ።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ገና ከሕግ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነው። እንዴት ያለ ኩራት መሰለህ! ጥቁር ቦርሳዬን አንግቼ ስሄድ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ መዝገቤ ከከተማው ዳር፣ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ ቁራሽ ጫካ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መናኸሪያ ሊሠራበት አሰበ፤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የእኔ ነው ብለው ከሰሱን። ሄጄ አየሁት። ቤት የለ፣ አጥር የለ፣ የታረሰ የለ። «ቦታው ባዶ ነው፤ ማንም አልያዘውም» ብዬ መልስ ጻፍኩና በስሜ ፈረምኩ።

ዳኛው ቦታው ይታይ ብለው አዘዙ። ሄድን። ጭቃው ጫማዬን ይጎትታል፣ ቅጠሉ ያንጠባጥባል። ሽማግሌው የአገሬው ቋንቋ ካፊኖኖ በሚጫነው አማርኛቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ መሬት መሬቱን ብቻ ነው እንዴ የምታይው? ቀና በይ!» አሉኝ።

ቀና አልኩ። በየዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ረጃጅም፣ ጭስ የጠገበ፣ ውስጡ ንብ የሚያጉረመርም። አባታቸው የሰቀሉት ሳይቀር አለ። በእኛ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የሰቃዩ ነው፤ ማንም አይነካበትም። ይህን እኔ የቦንጋ ልጅ ሆኜ አጣሁት? አጥርና የታረሰ መሬት ስፈልግ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። አፈርኩ።

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አስጠሩኝ።

«ቀፎ ተነቃይ ነው፣ ይዞታ አይደለም ብለሽ ተከራከሪ።»

«ሰውዬው በምን ይኖራሉ ታዲያ?»

«እሱ ያንቺ ሥራ አይደለም።»

ደሜ ፈላ። በቀጠሮው ቀን ችሎት ፊት ቆሜ፣ «ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ቦታው በእጃቸው ነው» አልኩ። ለሽማግሌው ተፈረደላቸው።

ከዚያማ ግምገማ! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አቁመው «ሂስሽን ዋጪ» አሉኝ።

«የምውጠው የለኝም። የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ ነኝ እንጂ የማዘጋጃ ቤቱ ውሸታም አይደለሁም!»

መዝገብ ቤት ወርውረውኝ አቧራ ስጠጣ ከረምኩ። ተማርራ ትለቃለች ብለው ነበር። እምቢ! ሹሙ ከሥልጣን ተነሱ፣ እኔ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን ሄጄ ሳላይ፣ ቀና ሳልል፣ አንድም መልስ አልፈረምኩም። ስንቱ ሹም በዚህ ተናዶብኛል መሰለህ።

ሽማግሌው በተፈረደላቸው ዓመት ማር ሲቆርጡ በማሰሮ ይዘው ቢሮዬ መጡ።

«አልቀበልም አባቴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ አሰቡና፣ «መንግሥት የሚለቅሽ መቼ ነው?» አሉ።

«ጡረታ ስወጣ።»

«ይሁን» ብለው ማሰሯቸውን አቅፈው ወጡ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች፤ የሽማግሌው ልጅ ናት። እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

«አባታችን አንዱን ቀፎ የእርስዎ ነው ብለው ለይተውት ነበር። መንግሥት የለቀቃት ዕለት ከዚያ ቆርጣችሁ ስጧት ብለውናል» አለችኝ።

ይኸው ማሰሮው። ጣቴን ነክሬ ላስኩ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ። በዚያው «አልቀበልም» ባልኩበት አፌ በላሁት፤ የሚገመግመኝ ካለ ይምጣ! ምነው እሳቸው ስበላ ባዩኝ።