በአባቴ ክንድ ላይ የተለጠፈችው መለኪያ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርሳ ከተማ ላይ የጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ሲታወቅ ኢንሱሊኑን ወዲያው ለመዱት፤ ያስመረራቸው ለምርመራ ጣታቸውን መወጋቱ ነበር። ቆዳቸው በብረትና በናፍጣ ጠንክሮ ደም እንደ ልብ አይወጣውም። እኔ ስጨምቅ፣ እሳቸው ሲበሳጩ፣ ሳንለካ የምንተወው ቀን ይበዛ ነበር።

በዚህ ክረምት አዲስ አበባ ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ሦስት የስኳር መለኪያ ይዛላቸው መጣች፤ አንዷ የምትሠራው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። አንዷን አውጥታ የግራ ክንዳቸውን በአልኮል ጠረገችና ጫን አድርጋ ለጠፈችባቸው። ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ነጭ ክብ ነገር ናት።

"ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነገር ቆዳዎት ውስጥ ገብታለች" አለቻቸው። "ስኳርዎት ሲወጣም ሲወርድም ለስልክዎት ትነግረዋለች።"

"አለቀ እንዴ?" አሉ አባቴ ክንዳቸውን እያዩ። "እኔ እኮ ገና ልትወጊኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነው ያለሁ።"

ብዙም ሳይቆዩ ወደዷት። መለዋወጫ ከምሸጥበት ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ስልኩን ሲያዩ ይውላሉ። ከጎረቤት ከተማ፣ ከግራና፣ የሚመጡ የድሮ ደንበኞቻቸው ሲያልፉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሳያሉ። አንዱ አሮጌ ሾፌር፣ "ለአንተም እንደ መኪናው የነዳጅ ጌጅ ገጠሙልህ!" ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው።

ፍልሰታ ሲገባ ግን ተጣላን። አባቴ ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ጾመው እንደሚቆርቡ ነገሩኝ።

"አባባ፣ ሐኪሙ ሆድዎት ባዶ ሆኖ እንዳይውል ብሏል እኮ።"

"እናትሽ ካረፈች ወዲህ አልቆረብኩም። ሐኪሙ ይሄን አያውቅም።"

በቀኑ አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሴቶች የምንቆመው በሌላው በኩል ስለሆነ ስልኩን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተትኩላቸው። ድምፁን አጥፍቼው ነበር፤ ስኳር ሲወርድ የምትሰማው ማስጠንቀቂያ ግን ድምፁ ቢጠፋም እንደምትጮህ አላወቅኩም።

ቅዳሴው ገና አልተጋመሰም፤ ሕዝቡ ጸጥ ባለበት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ ኪሳቸውን ቢዳብሱ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሮጬ በወንዶቹ በር በኩል ደረስኩና ደግፌ አወጣኋቸው። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጬ ከቦርሳዬ ብርቱካን አወጣሁ።

"አልቀምስም። ልቆርብ ነው የመጣሁት" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ደክሟል።

የንስሐ አባታችን ያን ቀን ተረኛ ስላልነበሩ ከሕዝቡ ጋር ነበሩ። ተከትለውን ወጡ። በዕድሜ የአባቴ ልጅ ቢሆኑ ነው። ስልኩን ከአባቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋቸውና ቁጥሩ እየወረደ መሆኑን አሳየኋቸው። አባቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ይቺ ክንድዎት ላይ ያለችው ናት የምትጮኸው?"

"አዎ፣ አባ። አሳፈረችኝ።"

"አላሳፈረችዎትም። በሉ ይቅመሱ፤ እኔ ፈቅጃለሁ። ታሞ መብላት ጾም መሻር አይደለም።"

አባቴ ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ ብርቱካኑን ተቀብለውኝ ቀስ እያሉ መጠጡ። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ወደ ሌላ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ቄሱ፣ "የእሑድ ቅዳሴ በጠዋት ነው የሚወጣው። ሐኪምዎትን ይጠይቁና ያን ቀን ይምጡ" አሏቸው።

በማግስቱ ወልድያ ሄድን። ሐኪሙ ነገሩን በጥሞና ሰማ፤ የማታውን መድኃኒት መጠን ቀነሰላቸውና፣ "ከወረደ ግን ቦታም ሰዓትም ሳይሉ ጣፋጭ ይውሰዱ" አላቸው። አባቴ ቃል ገቡ።

እሑድ ስልኩ አንድም ጊዜ አልጮኸም። አባቴ ቆረቡ። ክንዳቸው ላይ የነበረችው ከሦስቱ መለኪያዎች የመጨረሻዋ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈልገን አላገኘንም። በባጃጅ ስንመለስ እንደ ቆራቢ ደንብ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው መንገዱን ያያሉ። ቤት ገብተን ጠበል ከጠጡ በኋላ ነው ነጠላቸውን አጣጥፈው ወደ እኔ የዞሩት።

"በይ ሽሮውን አቅርቢ" አሉኝ። "ዛሬ በደንብ ነው የምበላው።"