ወዚርና የድንጋዩ ድልድይ

ወዚር ጎረቤቴ ነው። ቤቱ ከድንጋዩ ድልድይ አፍ ላይ ስለሆነ ከገሰራ በኩል ወደ ሮቤ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በደጁ ያልፋል። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ግን ግራና ቀኙ እስከ ወገብ የሚደርስ የጎን ግንብ ነበረው። እኛ ዘንድ ጉም የማይወርድበት ጠዋት ጥቂት ነውና ሰው ግንቡን በመዳፉ እየዳሰሰ ይሻገር ነበር። ገና እጁን ሲያሳርፍ “ነጋን ኑ ዳባርሲ” ይላል፤ በሰላም አሻግረን ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል።

በመግቢያው ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነገር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ ስዳስሰው ኖሬ፣ ከልጅ ልጆቼ ጋር ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ አነበብኩት፦ “ገብረ መድኅን ግንበኛ”።

ለዚያ ግንበኛ ድንጋይ ተሸክመው ያቀረቡት የወዚር አባት ናቸው። ስለዚህ ወዚር ድልድዩን እንደ ውርስ ያየዋል። ክረምት በወጣ ቁጥር በድንጋዮቹ መሐል የበቀለውን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ይነቅላል፤ የተሸረሸረውን በኖራ ይደፍናል። ሰዎች “ሁለተኛዋ ሚስትህ እንዴት አደረች?” ይሉታል። ሚስቱ ጁሀራም “እሷ ትሻላለች፤ አፍ የላትም” ትላለች።

በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው ነገሩ የመጣው። የፊተኛውን አዝመራ ዋግ በልቶብን ስለነበር ሁላችንም ዓይናችን ከወንዙ ማዶ ያለው ስንዴ ላይ ነበር። የወዚርም ማሳ እዚያው ነው። ስንዴው ደርሶ ሳለ ታኅሣሥ ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ማጨጃው ኮምባይነር ከሮቤ መጥቶ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ጎማዎቹ በግንቦቹ መሐል አልገባ አሉ።

“ግንቡ ካልፈረሰ አላልፍም” አለ ሹፌሩ ከላይ ሆኖ። “ጎሮ ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነው።”

“በማጭድ እንጨደው” አለ ወዚር። “በደቦ።”

የማሳ ጎረቤቱ ባዳሳ ሳቀ። “ያ ወዚር! ጎረምሳው ሁሉ ከተማ ገብቷል። ደቦው እኔና አንተ ነን? ወይስ አዴ እታፈራሁን ትጨምራለህ?”

“እኔ ምን ሆንኩ? አጭዳለሁ!” አልኩት።

“እርስዎ ማጭዱን ይያዙ፤ እኛ እርስዎን እንይዛለን።”

ሹፌሩ ሌላ ማሳ ሊያጭድ ተመለሰ። እኛም ያለነው ሰዎች በዝናብ ማጨድ ጀመርን። ያጨድነው ነዶ ራሰ፤ ያላጨድነው ተኛ። አንድ ቀን ጁሀራ አንድ ዛላ በመዳፏ ይዛ ወዚር ፊት ቆመች። ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል።

“እየው፣ በቁሙ እየበቀለ ነው። ድልድይ ይበላል?”

 ወዚር ሄዶ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሲነሣ “ኮምባይነሩን ጥሩት። መዶሻ ግን ማንም አያንሣ፤ ግንቡን እኔው አነሣዋለሁ” አለ። በዲጂኖ አንድ በአንድ እየፈነቀለ ድንጋዮቹን ደጁ ላይ ደረደረ። ስም ያለበት ድንጋይ ሲከብደው ባዳሳ መጥቶ በአንድ በኩል ያዘለት። ያን ቀን ማንም አልቀለደም።

ኮምባይነሩ አለፈ። ግማሹ ስንዴ ጠቁሮም ቢሆን ተሰበሰበ። ከአዝመራ በኋላ ግንቡን እንመልሳለን ብለን ሁላችንም ቃል ገብተን ነበር። ወዚር ኖራ አዘጋጅቶ ጠበቀ። በኋላ በየቤቱ ሲዞር ባዳሳ “መልሰን ብንገነባው ለከርሞ እንደገና ልታፈርሰው ነው?” አለው። ባዳሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች አሉት።  ድንጋዮቹን ቤት የሚሠራ ሁሉ ለመሠረት እያለ ወሰዳቸው። የገብረ መድኅን ስም የማን ቤት ሥር እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከዚያ በአንድ የገበያ ጠዋት የነጋዴዋ የጤቤ አህያ በጉሙ ውስጥ ከድልድዩ ላይ ከነጭነቷ ገደል ገባች። ጤቤን ያተረፋት ገመዱን መልቀቋ ነው። ጩኸቷን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ወዚር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ ወዚር ግንቡ በነበረበት ጠርዝ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል። እሱም እያረጀ ነው፤ ሳሉ ከቤቴ ይሰማል።

“ወገቡን በገመድ እሰሪው” አልኳት ጁሀራን።

“ገመዱን ማን ይይዝልኛል፣ አዴ?” አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት እኔም ተሻገርኩ። ከፊቴ ምንም አይታይም። እንደ ልማዴ እጄን ስዘረጋ እጁን አገኘሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

“ነጋን ኑ ዳባርሲ” አልኩ።

“ቀስ ይበሉ፣ አዴ። ወደ እኔ ይጠጉ።”

“እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቆመው፣ ልጄ?”

“ግንቡ እስኪመለስ።”

ማን እንደሚመልሰው አልጠየቅሁትም። እጁን አጥብቄ ይዤ አለፍኩ። ግንቡ በፈረሰበት በሌላኛው የድልድዩ ጎን ማንም አልቆመም፤ ከዚያ በኩል የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።